የጠባቂው ደመወዝ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)



የዛሬው ርእሳችን ደን ነው። ስለ ችግኝ ተከላ ግን ብዙ አላወራችሁም። የተከላ ወሬ ሞልቷል፤ እዚህ ኢየሩሳሌም ቱ ቢሽቫት የሚባለው የዛፍ በዓል ሲደርስ፣ አገር ቤት ኢትዮጵያ ደግሞ ክረምት ሲገባ፣ ችግኝና አካፋ የያዘ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ሳናይ አናልፍም። እኔ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ካሜራው ሲሄድ ችግኙን ማን ይጠብቀዋል? የጠባቂውን ደመወዝስ ማን ይከፍላል? የሱቅና የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ አስመጪዎች፣ ቡናና ዕጣን የምትሸጡ ወገኖች፣ የዛሬው ዝግጅት በተለይ እናንተን ይመለከታልና ሬዲዮኑን ከፍ አድርጉት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቅርባችን እንነሣ። ከያፎ ጎዳና ወደ ሰሜን ወጥቶ የነቢያትን ጎዳና የተሻገረ ሰው የኢትዮጵያን ጎዳና ያገኛል። ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙን ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ይዞታል። ዕብራይስጥን እንደገና የሕዝብ መነጋገሪያ ለማድረግ የደከመው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ በዚህ ጎዳና ኖሯል። ከአጥሩ በስተጀርባ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም አለ። ግንባታው በ1882 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በ1893 በዐፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያው የመነኮሳት ቤቶች፣ በግቢው ውስጥ ዛፎች።

ገዳሙ ሲሠራ ቦታው ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ፣ ቤት ከቤት የተራራቀበት ሜዳ ነበር። ዛሬ ከተማው ዙሪያውን ውጦታል። ከበሩ ውጭ መኪናው፣ ክሬኑ፣ አቧራው አለ፤ ከበሩ ገባ ሲሉ ጥላ ነው። ይህ እንዴት ሆነ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱም ከባድ አይደለም። አጥር አለ፤ በር አለ፤ በሩን የሚከፍቱና የሚዘጉ፣ እዚያው ውለው እዚያው የሚያድሩ አባቶችና እናቶች አሉ። በእርግጥ የጥቂት ዛፎች ግቢ ደን አይባልም። ሥርዓቱ ግን ከአገር ቤት የመጣ ነው፤ እዚያም በሺዎች የሚቆጠሩ ደኖችን ያቆየው ይኸው ሥርዓት ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር የተጓዛችሁ ታውቁታላችሁ። እርሻው ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ የተራቆተ ሆኖ፣ እዚህና እዚያ ግን ጥቁር አረንጓዴ ክብ ነገር ብቅ ይላል። ክቡ ውስጥ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ ተፋፍጎ ይገኛል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለ። «እመጓ»ን ያነበባችሁ ደራሲውን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን በልብ ወለዱ ታውቋቸው ይሆናል። ዋና ሙያቸው የደን ሥነ ምኅዳር ነው። በ2007 በሆላንድ አገር ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት በእነዚሁ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነበር። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለውን ደን ቆጥረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። ከእነዚህ 160ዎቹ የአገሩ የራሱ ናቸው። በአካባቢው ሌላ ቦታ የጠፋው ዘር እዚያ ተጠልሎ ቀርቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ነገሩ ከላይ ሲያዩት እንደሚመስለው የደላ አይደለም። ወደነዚህ ደኖች ገብቶ ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል የሚያይ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አያቶች አሉ፣ የልጅ ልጆች የሉም። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ጉልበት የሚደርስ ለጋ ዛፍ ብዙም አይታይም። ምክንያቱ ከብት ነው። በበጋ ሣሩ ሲያልቅ ላሙም ፍየሉም ጥላ ፍለጋ ይገባል፤ የበቀለውን ይግጣል፤ ያልጋጠውን ይረግጣል፤ አፈሩንም ይጠቀጥቀዋል፤ የወደቀው ዘርም ሥር የሚሰድበት ልስላሴ ያጣል። ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው ከደኑ ውስጥ ጥቂት ቦታ አጥረው፣ ጥቂቱን ክፍት ትተው ሲያወዳድሩ፣ በታጠረው ውስጥ የዘሩ መብቀል፣ የችግኙ በሕይወት መቆየትና ማደግ በግልጽ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ሌላም ጥናት አለ። የአብዛኞቹ የደጋ ዛፎቻችን ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት አይቆይም። ወድቆ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይም ይሞታል። ስለዚህ እናት ዛፏ ከተቆረጠች በኋላ «ዘሩ መሬት ውስጥ አለ፣ አንድ ቀን ይነሣል» ብሎ መጽናናት አይቻልም። ያለው ዘር ዛሬ ያለችው ዛፍ የምትጥለው ብቻ ነው፤ እሱንም ከብቱ ካልቀደመው።

መፍትሔው ታዲያ ምን ሆነ? ድንጋይ። ዶክተር ዓለማየሁ ሜግ ሎውማን ከተባሉ፣ የዛፍን አናት በማጥናት ከታወቁ አሜሪካዊት ሳይንቲስት ጋር ሆነው ካህናቱንና ገበሬዎቹን አነጋገሩ። ገበሬው ከእርሻው እየለቀመ የሚጥለው ድንጋይ ሞልቶታል። ድንጋዩ ከማሳው ተነሥቶ በደኑ ዙሪያ ተደረደረ፤ ማሳው ጠራ፣ ደኑ ታጠረ፣ በር ተበጀለት። ከውጭ የተሰበሰበው ገንዘብ ግንባታውን ደገፈ፤ ድንጋዩና ጉልበቱ የሕዝቡ ነው፤ ከተሠራ በኋላ በሩን የሚዘጋውም ሕዝቡ ነው። ከዛሬው ጥያቄያችን አንጻር ልብ በሉልኝ፤ ገንዘቡ ችግኝ አልገዛም። ችግኙን ደኑ ራሱ ያመጣዋል። ገንዘቡ የገዛው ለችግኙ የማደጊያ ጊዜ ነው።

በነገራችን ላይ ለዚህ ሥራ ገንዘብ ማግኘት ለምን እንደሚያስቸግር አስቤበታለሁ። ለጋሽ ድርጅት ከችግኝ አጠገብ ቆሞ ፎቶ መነሣት ይወዳል። ከድንጋይ ካብ አጠገብ ቆሞ የሚነሣ ሥራ አስኪያጅ ግን እስካሁን አላየሁም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ኢየሩሳሌም እንመለስ። ከቴል አቪቭ በ1 ቁጥር መንገድ ስትመጡ፣ ሻዓር ሃጋይን አልፋችሁ ሽቅብ ስትወጡ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው። አብዛኛው የተተከለ ነው። ኬረን ካየመት የሚባለው ደን ተካይ ድርጅት ከእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ጀምሮ፣ ከአገሪቱ መመሥረት በኋላ ደግሞ በሰፊው፣ ኦረን የሚባለውን ባለ መርፌ ቅጠል ዛፍ በኮረብታው ሁሉ ተክሏል። በ1950ዎቹ የዚህ ተከላ የቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ አዲስ መጪዎች ነበሩ፤ ከሞሮኮ፣ ከኢራቅ፣ ከየመን የመጡ ሰዎች የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ያገኙት ጉድጓድ ቆፍረው ነው። ኦረን ለአገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በተፈጥሮውም እዚህም እዚያም ይበቅላል። ጥፋቱ ለብቻው፣ በአንድ ዕድሜ፣ ጥቅጥቅ ብሎ መተከሉ ነው። እኛ ከባሕር ዛፍ ጋር ያለንን ጣጣ አስታውሱ። ቶሎ ይደርሳል፣ ድንጋያማ መሬት አይመርጥም፣ ለዚያ ዘመን ጥያቄ መልስ ነበር፤ የኋላውን ያሰበ ግን አልነበረም።

የኋላው እሳት ሆኖ መጣ። ኦረን ሙጫ የሞላው ዛፍ ነው። በታኅሣሥ 2010 በቀርሜሎስ ተራራ የተነሣው ቃጠሎ 44 ሰዎች ፈጀ። በነሐሴ 2021 የኢየሩሳሌም ኮረብቶች ለቀናት ነደዱ፤ ከ10 ሺህ ዱናም በላይ ጠፋ። በሚያዝያ 2025 መጨረሻ፣ በነጻነት ቀን ዋዜማ፣ እነዚሁ ኮረብቶች እንደገና ተቃጥለው 1 ቁጥር መንገድ ተዘጋ፤ በዓሉም ተረበሸ።

የ2021ዱ እሳት ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነበር። ኦረኑ ሲነሣ ከሥሩ የእርከን ደረጃዎች ተገለጡ፤ ከኮረብታው አናት እስከ ሸለቆው ድረስ፣ በእጅ የተካቡ ድንጋዮች። ከጥንት ጀምሮ እስከ 1948 ድረስ በየመንደሩ የኖሩ አረብ ገበሬዎች ጭምር፣ በየትውልዱ የሠሯቸውና የጠገኗቸው ናቸው። ወይራ፣ በለስና ወይን የሚበቅልባቸው ነበሩ። ከ«ጫካ» በፊት በዚያ መሬት ላይ ማን ይኖር እንደነበረ የሚያስታውስ ማስረጃ ነውና ለብዙ ሰው ከባድ እይታ ነበር።

የደን ባለሙያ ዓይን ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ያያል። በሚቀጥለው የጸደይ ወራት ወደ ተቃጠለው ኮረብታ ብትሄዱ፣ በከሰሉ መሐል ሁለት ዓይነት አረንጓዴ ታያላችሁ። አንደኛው ከከሰለ ጉቶ ሥር እንደ ጭራሮ ተሰብስቦ የሚወጣ፣ ጠርዙ የሚዋጋ ትንንሽ ቅጠል ያለው ቡቃያ ነው። ይህ አሎን ነው፣ የእነዚህ ኮረብቶች የራሳቸው ዛፍ። ግንዱ ቢቃጠል ሥሩ ሕያው ነው። ሁለተኛው መሬቱን እንደ ሣር የሸፈነ ጥቃቅን መርፌ ቅጠል ነው፤ ይህ ኦረን ነው። የኦረን ፍሬ ተዘግቶ ለዓመታት ዛፉ ላይ ይቆይና በእሳቱ ሙቀት ይከፈታል፤ ዘሩን በአመዱ ላይ ይበትናል። ሁለቱን ዝም ብለው ቢተዋቸው ኦረኑ አሎኑን በብዛቱ ያፍነውና ያው ደን ለሌላ እሳት ተመልሶ ይበቅላል። ስለዚህ ዋናው ሥራ መትከል ሳይሆን መንቀል ነው። የኦረኑን ቡቃያ በእጅ እየነቀሉ ማሳሳት፣ ለአሎኑ፣ እንዲሁም ኤላና ሐሩቭ ለሚባሉት የአገሩ ዛፎች ቦታ መስጠት። ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ይፈልጋል፤ ለዓመታት።

ኦርቫኒ የምትባለውን ወፍ ታውቋታላችሁ፤ ክንፏ ላይ ሰማያዊ ያለባት፣ በየሰፈሩ የምትጮኸው። የአሎንን ፍሬ ለክፉ ቀን ብላ አፈር ውስጥ ትቀብራለች፤ ሁሉንም ተመልሳ አታነሣውም። የቀረው ይበቅላል። ደመወዝ የማይከፈላት ተካይ ናት፤ ከእኛ የሚጠበቀው እሷን አለማባረር ነው።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ለመጣን ሰዎች አንድ ተግባራዊ ነገር ልናገር። እኛ የለመድነው ችግኝ ሐምሌ ላይ ተክሎ ለሰማይ መስጠት ነው። የኢየሩሳሌም ዝናብ በዓመት በአማካይ 550 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም በክረምቱ፣ ማለት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ እስከ መስከረም ድረስ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ቱ ቢሽቫት የሚውለው በጥር ወይም በየካቲት ነው፤ በዚያን ቀን የተተከለ ችግኝ ሁለት ወር ዝናብ አግኝቶ ወዲያው አምስት ወር ድርቅ ይጠብቀዋል። በዓሉ በዓል ነው፣ ይከበር። ችግኙን የምር የምትፈልጉት ከሆነ ግን የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን እንዳራሰው፣ ኅዳር ላይ ትከሉት፤ ቢያንስ ሁለት በጋ ውሃ የሚያጠጣውም ሰው ከወዲሁ ይታወቅ። ሁለት በጋ ያልታቀደለት ተከላ ለፎቶ የተደረገ ተከላ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

የሰፈር ሰው ተባብሮ ምን ማድረግ ይችላል ለሚል ሰው በከተማችን ውስጥ ሁለት ምስክር አለን።

አንደኛው የሳፍዲ ዕቅድ የሚባለው ነው። ከኢየሩሳሌም በስተምዕራብ ባሉት ኮረብቶች ላይ 20 ሺህ ቤቶች ሊሠሩ ታስቦ ነበር። ነዋሪዎችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ተባበሩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የተቃውሞ ማመልከቻዎች ገቡ፤ በ2007 የአገሪቱ የፕላን ምክር ቤት ዕቅዱን ጣለው።

ሁለተኛውን ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፤ መግቢያው በነጻ ነው። በጊቫት ሞርደኻይና በካታሞኒም መካከል፣ ከቤጊን መንገድ አጠገብ ያለው ኤሜክ ሃጽቫኢም፣ የሚዳቋ ሸለቆ። ቀድሞ የኪቡጾች የፍራፍሬ እርሻ ነበር። እርሻው ሲተው ሚዳቋዎቹ ቀሩ፤ ዙሪያው በመንገድና በፎቅ ተከበበ። ቦታውን ለቤት ግንባታ ሊያውሉት ሲሉ የሰፈሩ ሰዎች ከተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ ጋር ሆነው ተነሡ። «አይሠራም» ብለው ብቻ አልቀሩም፤ እነሱ የሚፈልጉትን የራሳቸውን ፕላን አሠርተው ይዘው ቀረቡ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በዚያ መሐል ሚዳቋዎቹ በውሻና በመኪና እያለቁ ጥቂት ብቻ ቀሩ። ሸለቆው በ2015 የከተማ የተፈጥሮ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ፤ ወደ 260 ዱናም ይሆናል። የከተማውን የክረምት ጎርፍ የሚቀበሉ ኩሬዎች አሉት፤ ወፎቹም ሚዳቋዎቹም ተራብተዋል። እዚህም የመጀመሪያው ሥራ አጥር ነበር። ውሻ የማያስገባ አጥር፣ በር፣ በሩ ላይ የሚቆም ሰው።

ለኢትዮጵያ ጎዳናና ለአካባቢው ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ቫዓድ ባይት በሚባለው የሕንፃ ነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ ላላችሁ ሁሉ የሚጠቅም ሕግም አለ። በእንግሊዞች ዘመን በ1926 የወጣው የደን ድንጋጌ ዛሬም ይሠራል፤ ትልቅ ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው። በፕላን ሕጉ ትልቅ ዛፍ የሚባለው ቁመቱ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ሲለካ የግንዱ ውፍረት ከጎን እስከ ጎን 10 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ነው። ይህ እንግዲህ ብዙ ሰው «ትንሽ ነው» ብሎ የሚንቀው ዛፍ ነው። በሰፈራችሁ ዛፍ ሊቆረጥ ነው የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ተቃውሞ የማቅረብ መብት አላችሁ። ማስታወቂያው በዕብራይስጥ ነው፤ ወላጆቻችሁ የማያነቡት ከሆነ ልጆች አንብቡላቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። «ነጋዴ በተፈጥሮ ላይ ያውጣ» ሲባል ብዙ ሰው ምጽዋት ይመስለዋል። በወላይታ ሁምቦ የተደረገው ግን ምጽዋት አልነበረም።

ከሁምቦ በላይ ያለው ተራራ ለማገዶና ለከሰል ተራቁቶ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ ወደ ማሳው ይወርዳል፤ ምንጩ ይደርቃል። በ2006 የተራድኦ ድርጅቱ ወርልድ ቪዥን ከመንግሥትና ከሕዝቡ ጋር ሥራ ጀመረ። ዘዴውን ያመጡት ቶኒ ሪናውዶ የሚባሉ አውስትራሊያዊ የእርሻ ባለሙያ ናቸው፤ በ1980ዎቹ በኒጀር ሲሠሩ የተማሩት ነው። የተራቆተ የሚመስለው መሬት ሥር ብዙ ጊዜ ሕያው ጉቶ አለ። ከብትና መጥረቢያ እየደጋገመ ስለሚመልሰው ቁጥቋጦ ሆኖ ቀረ እንጂ ዛፍ ነው። ከዘሩ አንጻር ቅድም እንዳልኩት እናት ዛፍ ከሌለች ተስፋ የለም፤ ጉቶው ካለ ግን ሌላ ነው። ገበሬው ከጉቶው ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካራዎቹን ሁለት ሦስት ይመርጣል፤ ሌሎቹን ይቆርጣል፤ የተመረጡትንም ከታች እስከ ወገባቸው ድረስ ይመለምላል። የተቆረጠው ማገዶ ይሆናል። ቀንበጡ ሥሩ ትልቅ ስለሆነ እንደ ችግኝ አይንፏቀቅም፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሰው በላይ ይሆናል። ችግኝ ጣቢያ የለ፣ ጉድጓድ የለ፣ ውሃ ማጠጣት የለ። ያለው ቢላዋና ጥበቃ ነው።

ሰዉ መጀመሪያ አላመነም፤ «መሬታችንን ሊወስዱብን ነው» ያለ ብዙ ነበር። መፈራቱ አይገርምም፤ ከገበሬ መሬት ላይ «ለደን» ተብሎ የተከለለው ስንቱ ነው! ነገሩን የፈታው የተጠቃሚነት መብቱ በወረቀት ለሕዝቡ መሰጠቱ ነው። ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ 2,728 ሄክታር ተረከቡ፤ ልቅ ግጦሽ ቆመ፤ ሣር በአጨዳ ሆነ፤ ጠባቂ ተመደበ። በ2009 ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ። ደኑ በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ ተሰላ፤ ከዚህ 165 ሺህ ቶኑን የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ገንዘቡ ለማኅበራቱ ነበር።

የካርቦን ንግድን የሚጠራጠር ሰው አለ፤ ምክንያትም አለው። ጭሱን መቀነስ የማይፈልግ ኩባንያ ከሩቅ አገር ገበሬ ወረቀት ገዝቶ «ንጹሕ ነኝ» የሚልበት አጋጣሚ ሞልቷል። በሁምቦ ጉዳይ የእኔ ሚዛን ይህ ነው፤ የካርቦኑ ሽያጭ ባይኖር እንኳ ምንጩ፣ ሣሩና ማገዶው ለሰዉ ይጠቅመዋል። ገዢው ነገ ቢጠፋ ደኑን ለመጠበቅ ምክንያት ይቀራል። በካርቦን ዋጋ ላይ ብቻ የቆመ ደን ግን ዋጋው በወረደ ቀን መጥረቢያ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ወደ ሱቃችን። ዕጣንና ቡና የማይሸጥ የኢትዮጵያ ዕቃ መደብር የለም።

ዕጣኑ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጩ መተማና ቋራ ነው። የዕጣን ዛፍ በበጋው ወራት ግንዱ በስለት በተደጋጋሚ ይፋቃል፤ ከቁስሉ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ይደርቅና ይለቀማል። በደብረ ገነት ቤተ መቅደስ የሚታጠነውም፣ በቤታችን ከረከቦት አጠገብ የሚጨሰውም ይኸው ዓይነት ነው። ኢትዮጵያውያንና የሆላንድ ተመራማሪዎች ተከታትለውት በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ነገሩ እንዳለ ከቀጠለ ምርቱ በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስጠነቀቁ። በ2019 ሰፋ ያለ ጥናት ሲወጣ፣ ከታዩት የዕጣን ዛፍ ቦታዎች ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ወጣት ዛፍ ጠፍቷል። እሳት፣ ከብትና ያለ ዕረፍት መፋቅ ተደራርበውበታል። በደቡብ ጎንደር ደን ውስጥ ያየነው ችግር ራሱ ነው፤ ልዩነቱ በዕጣን ዛፎቹ ዙሪያ አጥርም ካህንም የለም፣ ነጋዴው ግን አለ።

በዚህ ጉዳይ አስተያየቴን ሳልደብቅ ልናገር። ዕጣን የሚሸጥ ሰው ለዕጣኑ ዛፍ ቢከፍል በጎ አድራጊ ሊባል አይገባም። ዕዳውን እየከፈለ ነው። መጋዘኑ የሚሞላው ከዚያ ቁስል ነው። አስመጪው የሚገዛበትን ቦታ ይወቅ፤ ለቃሚው ዛፉን የሚያሳርፍበት ዓመት እንዲኖረውና የተወሰነ ቦታ ለወጣት ዛፍ እንዲታጠር በዋጋው ላይ ጨምሮ ይክፈል። ጭማሪው ለጥበቃው መዋሉን የሚያሳይ ወረቀትም ይጠይቅ።

ቡናው የተሻለ ዕድል አለው። የከፋና የያዩ ደኖች በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ቡናው እዚያ በትልልቅ የአገር ዛፍ ጥላ ሥር በራሱ ይበቅላል። ጥላው ከሄደ የደን ቡና የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የደን ቡና ከአካባቢው ማኅበር በቀጥታ ገዝቶ ጥቂት ጨምሮ የሚከፍል የኢየሩሳሌም ቡና ቤት፣ ሳይቆፍርና ሳይተክል ደን ጠባቂ ቀጥሯል ማለት ነው። ደንበኛውም ጭማሪው ለምን እንደሆነ ቢነገረው ይከፍላል፤ ከሲኒው አጠገብ ሁለት መስመር ጽሑፍ ይበቃል።

እዚህ ባለው ኮረብታ ላይ መሳተፍ ለምትፈልጉ የንግድ ሰዎች ደግሞ ውሉ እንዴት ቢሆን ይሻላል? ለ100 ችግኝ ከፍላችሁ የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ መስቀል ቀላል ነው። ክፍያውን በሦስት ክፈሉት። አንዱን ስትጀምሩ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በጋ በኋላ፣ የመጨረሻውን በሦስተኛው ዓመት በሕይወት ባለው ዛፍ ልክ። ያን ጊዜ የሚሠራው ቡድን በተከለው ቁጥር ሳይሆን ባተረፈው ቁጥር ያስባል። ከተቻለም ገንዘቡ ለአንድ ሰው ደመወዝ ይሁን፤ ስሙን የምታውቁት፣ ስልክ ደውላችሁ «አሎኖቹ እንዴት ናቸው?» የምትሉት ሰው። ከየመሥሪያ ቤታችሁ በዓመት አንድ ቀን ሠራተኛ የምትልኩም ከሆነ፣ ለመትከል ሳይሆን ኦረን ለመንቀል ላኳቸው፤ ጓንት አይርሱ፣ ሙጫው ከእጅ አይለቅም። የት እንደሚነቀልና የት እንደሚተው ባለሙያው ያሳያል፤ ያለ እሱ ፈቃድ ግን አትንኩ፣ የአሎንን ቡቃያ ከእሾህ ቁጥቋጦ ያልለየ በጎ ፈቃደኛ ጉዳቱ ያመዝናል።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ክረምት ጎርፍና በቤት ጣሪያ ላይ ስለሚጠራቀም የዝናብ ውሃ እንነጋገራለን። ኅዳር ላይ ለመትከል የምታስቡ ማኅበራት፣ የውሃውን ነገር ከአሁኑ እንድታስቡበት ያ ዝግጅት እንዳያመልጣችሁ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)